የሰሃን ዋርካ

ከጎረቤት አጥር፣ ከድንጋዩ ስንጥቅ፣
ወፍ የዘራው ዋርካ፣ ሁለት ጣት የማይልቅ፤
በካቻቢቴ ጫፍ ፈልፍዬ አወጣሁት፣
ሻይ ቤት በለመንሁት ሰሃን ላይ ተከልሁት።

ጣና ከደጄ ነው፣ ውሃ መች ሊቸግር!
ጧት ማታ አጠጣሁት፣ በፍቅር በፍቅር።
በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሉ ረገፈ፤
በጥም አልነበረም፣ በጥጋብ አለፈ።

ለሁለተኛው ግን ሰሃኑን በሳሁለት፣
ጠጠር ከሐይቁ ዳር ለቅሜ አነጠፍሁለት።
አሁን ውሃ ሳልቀዳ ጣቴን እልካለሁ፤
«እርጥብ ነው» ብላ ስትመጣ ጣሳዬን እሰቅላለሁ።

ታንኳ ሠሪው ጓንጉል ቆሞ ሲስቅ ዋለ፤
«ዋርካ ለሸንጎ ነው፣ ለሾርባ ነው እንዴ?» አለ።
ደንገል የለመደ እጅ አያርፍምና
የፍሬን ሽቦዬን ከእጄ ነጠቀና፣
ለጋውን ቅርንጫፍ አስጎነበሰው፤
«ሳይደርቅ በእርጥቡ፤ ግን ቀስ፣ እሱም እንደ ሰው።»

መቀስ ስይዝማ እጄ ይርዳል ዛሬም፤
ይቅርታ ሳልጠይቅ አንድ ቅጠል አልነካም።
የከተማችን ሰው ዘንባባን ቀና ብሎ ያያል፤
እኔን ግን ስንዝር ዛፍ አንገቴን ያስደፋኛል።

ሦስት ክረምት አለፈ፤ ግንዱ አውራ ጣት ያክላል፤
ጥላው መዳፌን እንኳ በግድ ይሸፍናል።
ትናንት በቀትር ግን፣ ባጃጅ ስፈታታ፣
ሁለት ጉንዳን አየሁ፣ ከሥሩ፣ በጸጥታ፣
ፊት ለፊት የቆሙ። ጓንጉልን ጠራሁት።
አጎንብሶ አየ። ሳቁን ጠበቅሁት፤

ባርኔጣውን አወለቀ።