ቁንዝላ፣ ምዕራፍ አራት

መጽሐፉ «ዋቅላሚ» ይላል፤ ከጎኑ ሌላ ስም አለ፣
ባሕር አቋርጦ የመጣ፣ ከምላሳችን ያልዋለ።
«ክሎሮፊል» አልኩ፣ ጠመኔ ይዤ፤ አርባ ስድስት አፍ ደገመው፤
«ፋይቶፕላንክተን» ስል ግን ግማሹን መንገድ ላይ ጣለው።

መብራት ከሄደ ሦስት ቀኑ። ማይክሮስኮፑ አንድ ነው፣ ያውም አንካሳ፤
መስተዋቱን ለፀሐይ ሰጥቼ፣ እግሩን በካርቶን ደግፌ ሳነሣ፣
አትጠገብ፣ ከኋላ ወንበር፣ እጇን ወደ ላይ ቀሰረች፤
«የባሕር አረም» የሚለውን አርእስት በጣቷ ይዛ ጠየቀች፦
«ይኼ ቡናማው፣ ከዋርካ የሚረዝመው፣ በየትኛው ባሕር ነው ያለው?
እኛ ባሕር ውስጥማ የለም፤ ቢኖር አባቴ በመረቡ ባገኘው።»

እኛ ባሕር።

ልስቅ ነበር፤ በጠመኔ እጄ አፌን ያዝኩ።
ማዶው ያልታየ ሁሉ ባሕር ነው እዚህ። ስሙን በጨው አልመዘንን፤
የጨዋማው ተራ ሲደርስ ሌላ ቃል አልተረፈን።

«ኬልፕ ይባላል» አልኳት። «ሥር የለውም፤ ሥር የሚመስል እጅ አለው፣
ዐለት ጨብጦ የሚያድርበት፤ ማዕበል መጥቶ እንዳይወስደው።»
«እጀ ድንጋይ ነዋ!» አለ አንዱ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ጻፍኩት፣
በእርሳስ፣ በገጹ ጠርዝ፤ ከሥነ ሕይወት ቃል ቆጠርኩት።

ቅዳሜ በአያ ባይነሳኝ ታንኳ ናሙና ልቀዳ ወጣሁ፤
ገባሩ ከሚገባበት ዘንድ ውሃው ረግቶ አየሁ፣
እንደ ተፈጨ አተር፣ አረንጓዴ፣ ሽታው የረጠበ ገለባ፤
«ማይክሮሲስቲስ» አልኩ በኩራት፣ እየተንደቀደቀ ጠርሙሴ ሲገባ።

መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋደመ። «ማን አልከው?»
ደገምኩለት።
የማያውቀው ዘመድ ስም እንደ ተነገረው ሰው አንገቱን ነቀነቀ።
«እኛ ሞራ ነው የምንለው።
ባሕሩ ዓይኑን ሲታመም የሚያወጣው።
ያኔ ዓሣ ሽቅብ ይተነፍሳል፣ ከብት አናጠጣም ከዳር፤
ነፋስ እስኪገፍፈው ድረስ ልጅ ማጠብም ነውር።»

አራት ገጽ ነበረኝ በልቤ፤ ስለ ፎስፈረስ፣ ስለ ናይትሮጅን፣
ከማሳ ታጥቦ ስለሚገባው ማዳበሪያ፣ ስለ መርዙ ዓይነትና መጠን፤
ዝም አልኩ።

«እናቴም ነበራት» አለ፣ ዳሩን እያየ። «ሁለቱም ዓይኗ ላይ።
ባሕር ዳር ወስጄ ገፈፉላት።
ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየችው የኔን ሽበት።
‹ይኼ ሽማግሌ ማነው?› አለች።»
ሳቀ። ታንኳዋም አብራው ሳቀች፤
በደንገሉ መሐል ውሃ አስገባች።

ሰኞ፣ ከዚያችው ጠርሙስ ጠብታ ውስጥ ዲያቶም ተገኘ።
አትጠገብ አንድ ዓይኗን ጨፍና ቆየች፤ ወረፋው አጉረመረመ፤
ደወል ተደወለ፤ አልተነሣችም።
«ክዳን አለው» አለች በመጨረሻ፣ «ከእናትየው ላይ ልክክ ያለ፣
ስፌቱ ሳይቀር የሚታይ፣ አክርማው የተደረደረ፣ ያማረ፣ የተስተካከለ።
መምህር፣ የብርጭቆ አገልግል ነው!
ምን ይቋጠርበታል?»

«ፀሐይ» አልኳት።

የፈተናው መልስ «ሲሊካ» ይላል። የእሷ ወረቀት «አገልግል»።
ቀይ እስክሪብቶዬ ሁለት ምሽት ሳይወስን አደረ።

አሁን የገጹ ጠርዝ ሞልቷል፤ ሞራ፣ እጀ ድንጋይ፣ አገልግል፤
ለሚተካኝ መምህር ትቼዋለሁ፤ ቢሻው ይሰርዝ፣ ቢሻው ያክል።
«ኬልፕ» ከሚለው ፊት ለፊት ግን ባዶ መስመር አስቀርቻለሁ፤
ጨው ውሃ አንገቱ የደረሰ ሰው ይሙላው።
እኔ ዳር ቆሜያለሁ።