ፍሬን

ቧንቧ ውሃ ከጓሯችን፣ ከጎመኑ መደብ አጠገብ፣
ሻንሲው በብሎኬት ቆሟል፤ አጥንት ብቻ፣ ገና ያለ ልብ።
ቱቦው የሆስፒታል አልጋ ነው፤ ከጨረታ የገዛሁት፤
ስንቱ እንዳቃሰተበት፣ በሴጌቶ ስቆርጠው ነው የሰማሁት።

ልቡ ግን የአባቴ ነው፤
ጡረታ ሲወጣ የሰጡት፣ የወባ መሥሪያ ቤት ያማሃ፤
ሐርቡን፣ ገርባን፣ ባቲን ያየ፣ ቦርከና ሞልቶ የጠጣ ውሃ።
አሥራ ሁለት ዓመት ተኛ በጆንያ፣ የዶሮውን ቤት ተንተርሶ፤
ፒስተኑን ሳወጣው ላባ ወጣ፣ በአሮጌ ቅባት ተለውሶ።

ጎረቤት ያያል። እትዬ አስካለ በአጥሩ ቀዳዳ፦
«የይማም ልጅ! ሉባባ! በዘይት እንዲህ መነከር፣ ምን ዕዳ!»
ማታ ግን ገመድ ስለምናት፣ መስመር እንድትሰጠኝ ከቆጣሪዋ፣
«ቶሎ ጨርሺ» ብላ ታቀብለኛለች፣ ከነሶኬቷ ከነማብሪያዋ።

አጎቴ ደግሞ፦ «ባጃጅ ግዢ፣ ሠርተሽ ብይ። ይሄ ምንድን ነው?
ስም የለው፣ ታርጋ የለው፤ ትራፊክ ቢጠይቅሽ ፋብሪካው የት ነው?»
«ከጎመኑ ኋላ» አልኩት። ሳቀብኝ፤ እኔ ተናደድኩ፤
ማታ ግን ትዝ ሲለኝ፣ ብቻዬን ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ።

መብራት ይጠፋል። ሁልጊዜ ብየዳው መሐል ላይ ሲደርስ፤
ግማሹ የያዘ፣ ግማሹ ያልያዘ ብረት፣ አይጨረስ፣ አይፈርስ።
በጨለማ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ጦሳ ጉሙን ይለቃል፤
የጋለው ቦታ ቅላቱ፣ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ያልቃል።

አባባ ዓይኑ ከደከመ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቱ፤
ፀሐይ በዞረች ቁጥር በርጩማውን ያዞራል፤ ጆሮ ነው አሁን ጉልበቱ።
ሞረድ ስስብ፦ «አንድ ጎን በዛ» ይለኛል፣ ድምፁን ብቻ ሰምቶ፤
ኩሽኔታ ሳሽከረክር፦ «አሸዋ ይዟል» አለኝ፣ ሻዩን ትቶ።
ይዞም ነበር።

ኮርቻውን ኑርዬ ጫማ ሰፊው ሰፋው። ዋጋውን ጠየቅሁት፤
«መጀመሪያ ይነሣ» አለኝ። እስከ ዛሬ አልከፈልኩት።
ሰርባቶውን ከዘይት በርሜል ቆርጬ፣ በመዶሻ ስቀጠቅጥ፣
ሳምንት ሙሉ የሰፈሩ ሕፃን ከእንቅልፉ ሲደነግጥ፣
ሦስት ጊዜ አፈሰሰ። በአራተኛው ውሃ ሞልቼበት አደርኩ፤
ጧት ከሥሩ ያነጠፍኩት ካርቶን ደረቅ ነበር። ቁጭ አልኩ።

ሰኞ ዕለት፣ ገበያተኛው ሲጎርፍ በመንገዱ፣
ካንዴላውን አጥርቼ ረገጥኩ። ረገጥኩ። እምቢ አለ ሆዱ።
አባባ በዳበሳ መጣ፤ እጁን ካርቦራቶሪው ላይ አኖረ፤
ጣቱ ዝም ብሎ ቆየና፣ አንዲት ብሎን ሩብ ያህል አዞረ።
«አሁን» አለ።
ረገጥኩ።
ተነሣ!
ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ፤ ጎመኑ ተንቀጠቀጠ፤
የእትዬ አስካለ እልልታ፣ በጢሱ ታንቆ፣ በሳል ተቋረጠ።

«ሐረጎን ውረጅ፣ ኮምቦልቻ ግቢ!» አሉኝ ልጆቹ እየጮሁ።
«ፍሬኑስ?» አለ አባባ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።
ረስቼው አይደለም። ለመጨረሻ ነው ያቆየሁት፤
እውነቱን ልናገር፣ ፈርቼ ነው የሸሸሁት።

«ደሴ ላይ መሄድ ማን ያቅተዋል?» አለ። «ድንጋይም ይሄዳል፤
ከአዝዋ ገደል አፋፍ ልቀቂው፣ ያለ ቤንዚን ይወርዳል።
ያን ሁሉ ዘመን ቆላ ስወርድ፣ ሰው የሚያውቀኝ በመሄዴ፤
ቤቴ የመለሰኝ ግን መቆሜ ነው፣ ከገደሉ ጫፍ፣ አንዳንዴ።»

ከዚያ «አስቀምጪኝ» አለ። እግሩን አንሥቼ አሻገርኩለት።
የኋላው ጎማ፣ ከብሎኬቱ በላይ፣ በባዶ አየር ይዞራል፤
አባባ መሪውን ጨብጦ፣ በየኩርባው ጎንበስ ይላል።
«ገርባ» ይላል። «አቧራው!» ማርሽ ይቀንሳል። «ባቲ! ሙቀቱ!»
ከዚያ የፍሬኑን እጀታ ጨበጠ፤ ሽቦ የለው፣ ላላ፣ ከንቱ።

ወደ ድምፄ ዞር ብሎ፦ «ቆምን?»
«ነገ» አልኩት። ቤንዚኑን ዘጋሁ።
ሞተሩ ጠፋ፤
ጎማው ግን ብቻውን ብዙ ዞረ፤
ዝም ብለን ሰማነው፣ እስኪቆም።