ውሉ የት ይቀመጥ?

ከፒያሳ በላይ፣ ከፎቁ ሁለተኛ፣
ጠረጴዛ ከበን ተቀመጥን እኛ፤
እኔና የሻለም፣ መሐል የቤት ካርታ፣
ልጅቷ ትጠይቃለች ብዕሯን አንሥታ።

"ግድግዳው ከምንድን?"
"ከጭቃ ነው፣ ልጄ፣
ጭድ የተቦካበት በእግሬና በእጄ፤
ፊቱ ሲሚንቶ ነው፣ ጀርባውን ተይው።"
"ጣሪያው?"
"ቆርቆሮ ነው፤ ዝገት ነው ያቀላው።"
"ከጎረቤት ርቀት?"
"ርቀት የለንም፤ አንድ ነው ግድግዳው።"
"የመብራት ሽቦውስ?" ተያየን ዝም ብለን፣
ዘመድ የዘረጋው፤ ምን ብለን እንመን?

ሁለት ሺህ ከምናምን ከፈልን ለዓመቱ፣
ፈረምን፤ ወረድን፤ ቀለለን መሬቱ።

ይኼ የዛሬ ሦስት ዓመት ነው።
ዘንድሮ ደብዳቤ መጣ፣ ከግርጌው ቁጥር አለው፤
አምስት ሺህ ስድስት መቶ።
መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት፤ ያው ነው።

"ምን አጠፋሁ?" አልኳት፣ "አልነደደ ቤቴ፣
አንድ ሳንቲም ካሣ አልጠየቅኩም፣ እቴ!"
"አባባ፣" አለችኝ፣ "ሲሚንቶ ጨመረ፣
ምስማሩም ተወደደ፣ የአናጢ ቀን ከበረ፤
ቤትዎ የታነጸው በድሮ ብር ነው፣
ቢወድቅ የሚነሣው በዛሬ ዋጋ ነው።"

ለካ ቤቴ ቁጭ ብሎ፣ ጠጠር ሳልጥልበት፣
ይወደድ ኖሯል ሌሊት እኔ ስተኛበት!
ጡረታዬ ብቻ ካለበት የቆመው፣
እንደ ኢያሱ ግንብ፣ ጣሪያ እንደሌለው።

ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ አሰላን።
"ግምቱን ዝቅ እናርገው፣ በግማሽ ይበቃን።"
አነበብኩ ጥቃቅኑን፣ ከታች የተጻፈው፦
በግማሽ የገባ ካሣው በግማሽ ነው።
ግማሽ ጣሪያ ደግሞ ከዝናብ አያስጥል።
"እንግዲያ ጎርፉ ይውጣ፣ ቀሃ ከኛ ዝቅ ይላል፤
እኛ ዳገት ላይ ነን፣ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል።"
ጎርፉን ሰረዝነው።
"ሁከትና ብጥብጥ" ይላል ቀጣዩ መስመር፤
ዋጋው ለብቻው ነው፣ ከዋናው የሚጨመር።
የሻለም ሻማውን ትኩር ብላ አየችው፣
"ይግባ"ም አላለችም፣ "ይውጣ"ም አላለችው።
ገጹን ገለበጥነው።

ሥላሴን ያተረፈው ንብ ነው ይላሉ፣
ድርቡሽ ከበሩ ሲደርስ ወጥቶ ከቅጥሩ።
እንዲያ ያለ መድን ማን ይሰጠኝ ለኔ፣
ዓረቦኑ አበባ፣ ጭማሪ የሌለው በዘመኔ!

ዕድርማ አለን፤ አይቼዋለሁ አምና፣
የአዛናው ማድ ቤት ሲነድ በኅዳር ጠዋትና፣
ድንኳን ተከሉለት፣ አግዳሚ ደረደሩ፣
ሦስት ቀን አብረውት ተከዙ፣ አደሩ።
ቆርቆሮ ግን የለም። ጸሐፊው ደንቡን ገልጦ፣
"ለሞተ ሰው እንጂ፣" አለ አንገቱን ሰብሮ፣
"ለሞተ ጣሪያ አንቀጽ የለንም።"
መድን ደግሞ ቆርቆሮ ይሰጥ ይሆናል፤
ከአመዱ አጠገብ ግን መጥቶ አይቀመጥም።

ሁለቱንም ያዝን። ዕቁብ ደረሰን በጥር፣
ሽቦውን አስቀየርን፣ በባለ ፈቃድ ሠራተኛ፣ በደንብ ብር።
ልጅቷ መጥታ አይታ ስምንት መቶ ቀነሰች፤
የቀረውን ለሁለት፣ ጥቅምትና ሚያዝያ ብላ ከፈለች።
የጠዋት ማኪያቶዬን ተሰናበትኩት፤
የሻለም ጫማዋን ወደ ሰፊው፣ ሦስተኛ ጊዜ፣ ሰደደችው።

አሁን ማኅተሙ ደረቀ፣ ውሉ እጄ ላይ ነው።
ግን የት ይቀመጥ? ሣጥን ውስጥ እንዳልለው
ሣጥኑም ከቤቱ ጋር አብሮ ሊነድ ነው።
አዛናውም ከቃጠሎው ወዲህ ገብቶ ነበር፤
"የኔን ካንተ፣" አልኩት፣ "ያንተን ከኔ ይደር።"
ተለዋወጥን። ደስ አለን። እንደ ሁለት ንጉሥ
አልጋ እንደተማማሉ፣ ተሳሳቅን በለስላስ።

የሻለም ከደጅ ሰማችን፤
ምንም አላለችን፤
ገብታ በጣቷ አጥንት ግድግዳውን መታችው፣
ኳ ኳ፣
ከወዲያ የአዛናው ሚስት "ማነው?" ብላ ጠየቀች።