ካራ ያልነካው ምሳ

ከሌሊት ፈረቃ፣ ከኮምቦልቻው ጨርቃ ጨርቅ፣
ክር እስኪቀጠል ድረስ ስልኬን ከጉያዬ ስሰርቅ፣
አራት ሰዎች አውቃለሁ፣ ፊታቸውን ያላየሁ፤
ሳቃቸውን በፊደል፣ በ«ኪኪኪ» የለየሁ።

ሙህዬ አለ ከሮቢት፣ ዜና ቀድሞ የሚያመጣ፣
ጨረቃ ታየች አልታየች፣ ሳይነጋ የሚቆጣ።
ማንያዘዋል የሆጤው፣ ዲያቆን ነበር፣ አሁን ዘበኛ፣
ባንክ በር ላይ ባሕረ ሐሳብ ሲቆጥር የሚያድር ብቸኛ።
ጦይባ ኬሚስትሪ መምህርት፣ ቃሏ እንደ ቀመር አጭር፤
«ምንጩ ማነው?» ትላለች፤ ወሬው እዚያው ላይ ይቀር።
እማዋይሽ የቦሩ ሜዳዋ ነርስ፣ አመሏ የሚገርም፣
ሰው ሲካረር የድመቷን ፎቶ ልካ፣ ደግሞ ዝም።

ያ ሳምንት ግን ከፋ።
አንድ ሰባኪ፣ የት እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ነገር ተናገረ፤
አንድ ኡስታዝ፣ የት እንደሆነ እንጃ፣ መልስ ብሎ ጨመረ።
ቪዲዮው አርባ ሰከንድ ነው፣ ራስ ጭራው የተቆረጠ፤
በእኛ ስልክ ግን ሦስት ቀን እንደ ክረምት ጎርፍ ሮጠ።
ሙህዬ ሦስት ቃለ አጋኖ፣ ማንያዘዋል አራት፤
እኔም አንድ ጥያለሁ፣ አልደብቅም፤ ሌሊት ነበር፣ ጠፍቶ መብራት።

ኀሙስ ማታ እማዋይሽ ድመቷንም አልላከችም፤
«ሐይቅ እንሂድ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ዓርብ? ጁምዓ አለ። ቅዳሜ? ጦይባ ፈተና ታርማለች።
እሑድ? ቅዳሴ ይውጣ እንጂ፣ ከዚያ በኋላ ትመቻለች።
ዝሁር እዚያው ይሰገዳል፣ ሣሩ ሰፊ ነው።
ምሳስ?
እዚህ ላይ ሁሉም ዝም አለ።
ወሎ ተወልዶ ይህን ጥያቄ ሳይሰማ ያደገ ማን አለ?
የማን ካራ፣ በማን ስም፣ ፊቱ ወዴት ዞሮ የታረደ፤
ሁለት ድስት፣ ሁለት ጉልቻ፣ በአንድ ድንኳን የተማገደ።
«ዓሣ!!!» አለ ሙህዬ። «ዓሣ እኮ ካራ አያውቅም፤
ከውኃ ወጥቶ ይሞታል፤ የማነህ ተብሎ አይጠየቅም።»

እሑድ ከፈረቃ ወጥቼ፣ ሐረጎን ሽቅብ ስወጣ፣
እንቅልፌን የሚነጥቅ ብርድ በመስኮቱ መጣ።
ፒያሳ ቆመው አገኘሁ። ማን ማን እንደሆነ ጠፋኝ፤
ያ ነበልባል ሙህዬ፣ ሽማግሌ ሆኖ አሳፈረኝ።
ከዘራ ይዟል። ምላሱ ይይዘዋል፤
«ሰ… ሰ…» ይላል፣ ሰላም ለማለት ሦስት ጊዜ ይለፋል፤
በጣቱ ግን፣ ማንም ሳያቋርጠው፣ እንደ ልቡ ይጽፋል።

ሐይቅ ዳር ኔትወርክ የለም። ስልኮቹ ፌስታል ውስጥ ገቡ።
ሁለቱ ሲሰግዱ እኛ ጫማቸውን ጠበቅን።
ማንያዘዋል ወደ ገዳሙ ዞሮ አማተበ፣
ከዚያም የሙህዬን ከዘራ፣ ከሣሩ አንሥቶ፣ ጭቃውን ጠረገ።

ዓሣው መጣ፤ ትኩስ፣ እሾሃም፤ እጃችን ተጋጨ።
ማንያዘዋልን አንድ እሾህ ያዘው፤ ዓይኑ ፈጠጠ።
ሙህዬ ጀርባውን መታ፣ ቆሎ አጎረሰ፣ ዳቦ አጎረሰ፤
«ዋ… ዋጠው» አለ፤ በዚያ ቀን ረጅሙ ንግግሩ እሱ ነበረ።
ያን ቪዲዮ ማንም አላነሣም። ረስተን አይደለም፣ አውቀን ነው፤
ዓሣ የሚበላ ሰው፣ ለካ ቃሉን መርጦ ነው።

ማታ፣ ዳገቱ አናት ላይ፣ ፌስታሉ እንደ ቀፎ ነዘረ።
አዲስ ዜና። ደግሞ ሌላ አርባ ሰከንድ።
ስልካችንን አነሣን። መስኮት መስኮቱን አየን።

ሌሊት፣ ክር ሲበጠስ፣ ከፈትኩት።
ሙህዬ እየጻፈ ነው፣ ይላል።
ቆመ።
እየጻፈ ነው።
ቆመ። ጣቱም ዛሬ ተንተባተበ።
ማሽኑ ሊነሣ ሲል ደረሰ፣ አንዲት መስመር፣ ያለ ቃለ አጋኖ፦
«ማንያዘዋል፣ እሾሁ ወረደልህ ወይ?»