ቀኝ ትከሻ

ዓርብ አመሻሽ ላይ፣ አጅማን፣ ከጣሪያ፣
ከውሃው ታንከር ጥግ፣ ጥላ ካለው መቆሚያ፣
ባዶ የዘይት ጀሪካን ሆኖ እንደ ከበሮ፣
ሰባት ልጅ ይሰለፋል ጫማውን ደርድሮ።

መምህሩ ይሁኔ ነው። ልብስ ቤት ሲተኩስ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ካንዱራ በካንዱራ ላይ ሲያለሰልስ፣
ቀኝ ትከሻው ደርቆ እንቢ አለ፣ ላይመለስ።
ግራው ግን ደኅና ነው፤ ግራው ደንበጫ ነው፣
ምት በሰማ ቁጥር ሥጋ አይደለም፣ ውሃ ነው።

«አንገት ቀና!» ይላል፣ «ደረት ይናገራል፣
ትከሻ የሰማውን ለእግር ያቀብላል።»
እነሱም በዓረብኛ ቀልደው፣ በአማርኛ ቆጥረው፣
ይሁኔን ከነላቡ በስልክ ቀርጸው፣
ማታ ያጠኑታል ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነው።

የእንቁጣጣሽ ዕለት አዳራሹ ሞላ፣
ሰባቱ ገቡበት፣ ከረድኤት ኋላ።
ግራ ትከሻቸው ተርገፈገፈ፣ ጋለ፤
ቀኙ ግን፣ የሁሉም፣ ድርቅ ብሎ ዋለ።

ይሁኔ፣ በሩ ጋ፣ እጁን አፉ ላይ ጫነ፤
ሕመሙ፣ ለካስ፣ ስልት ሆነ።

አንድ አዛውንት ጠሯት ጭብጨባው ሲያባራ፦
«ልጄ፣ የወዴት ነው እንዲህ ያል ጭፈራ?
ጎንደር አይሉት ወሎ፣ እኔስ ግራ ገባኝ።»
ረድኤት አሰበች።
«የኛ ጣሪያ፣» አለች።

በሳምንቱ ዓርብ፣ ጀሪካኑ ሳይመታ፣
ቀኝ ትከሻዋን ይዞ ነቀነቀው ላንዳፍታ፤
«ይሄ እኮ ጤነኛ ነው፣» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ፣
«የደረቀው የኔ ነው። ያንቺስ ይፈታ።»