በደቻቱ በኩል

ከገንደ ቆሬ ቤቴ፣ እስከ ሥራዬ በር፣
በድልድዩ ሲሄዱ፣ ሩብ ሰዓት ነበር።
እኔ ግን ስድስት ወር፣ በአሸዋ ተጓዝኩኝ፣
ደረቁን ደቻቱን፣ መሸሸጊያ አደረግኩኝ።
ከድልድዩ ጫፍ ላይ፣ ሰማያዊ ሱቅ አለ፤
ስሜን የያዘ ደብተር፣ ከሚስማር የተንጠለጠለ።

አጀማመሩንማ፣ ማን ክፉ ይለዋል?
ፍሪጅ ጠጋኝ ለሆነ፣ የድሬ ፀሐይ ሲሳይ ይሆነዋል።
ኮምፕሬሰር ልገዛ፣ ሠላሳ ሺህ ወሰድኩ፤
የሱን ወለድ ልከፍል፣ ከዕቁብ ተበደርኩ፤
የዕቁቡን ልሞላ፣ ከባልንጀራ፤
የቤት አስቤዛ ሲያልቅ፣ ከአዴ መይሙና ጋራ
ዘይትና ፓስታ፣ ስኳርና ሩዝ በዱቤ፤
አንዱን ጉድጓድ ስደፍን፣ ሌላ ተቆፍሮ ካጠገቤ።

ዋሴ አቶ ላቀው ናቸው፣ የባቡር ጡረተኛ፣
በፊርማቸው ቀልደው የማያውቁ፣ ቁጥብና እውነተኛ።
«ዋስ መሆን» አሉኝ ያኔ፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣
«በሰው እግር መሄድ ነው፤ አደራ፣ እንዳላነክስ፣ እወቀው።»

መጀመሪያ በስልክ፣ በጨዋ ቋንቋ ጠየቁኝ፤
ስልኬን ገልብጬ አስተኛሁት፤ በደብዳቤ አስታወቁኝ።
ደብዳቤውን ሳልከፍት፣ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት፣
ነገር የማይበላሽ መስሎኝ፣ በብርድ ካቆየሁት።
ወለድ ግን አይቀዘቅዝም፤ ሌሊት ሌሊት ይወልዳል፤
ስሙስ ወለድ አይደል? ሳያገባ ይዋለዳል።

በመጋቢት ወደ ከዚራ፣ ሌላ ብድር ፍለጋ ወጣሁ፤
ክራባት አስሬ፣ ከባንኳ ልጅ ፊት ተቀመጥሁ።
ስሜን መታ መታ፣ አደረገች በጣቷ፤
አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ መስኮቷ፤
«ያለፈ ክፍያ አለ፤ የትም ባንክ ይታያል» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤
ላብ ባረሰው ጀርባዬ ላይ፣ ዐረፈ የማቀዝቀዣው አለንጋ።
ያኔ ነው የገባኝ፦ ስሜ ቀድሞኝ ይሄዳል፤
እኔ በአሸዋ ስደበቅ፣ እሱ አደባባይ ይውላል።

በሚያዝያ አንድ ንጋት፣ ደንገጎ ላይ የዘነበው፣
ድሬ ጠብታ ሳታይ፣ ደቻቱን እስከ አፉ ሞላው።
መሸሸጊያ መንገዴ፣ ቡናማ ሆኖ ያጓራል፤
ከድልድዩ በቀር፣ መሻገሪያ የት ይኖራል?

ሄድኩ።
አዴ መይሙና በረንዳዋ ላይ፣ ምስር እየለቀመች፣
«አንተ፣ ታመህ ነበር እንዴ? ስድስት ወር ሰላምታ ነሣኸኝ!» አለች።
«ብሩስ ይደርሳል፤ ሰላምታውን በየትኛው ገጽ ልጻፈው?»
የምመልሰውን ቃል፣ ወንዙ አጓርቶ ዋጠው።
ኪሴ ውስጥ መቶ ሃያ ብር ነበር፤ የምሳ።
ባንኮኒው ላይ አኖርኩት፤ እጄ ከላዩ ሳይነሣ
ብዙ ቆየ።

በዚያው ማታ ደብዳቤውን፣ ከፍሪጁ አወጣሁት፤
በማይሠራ ፍሪጅ በር ላይ፣ ያለብኝን በጠመኔ ጻፍኩት፤
ለማን፣ ስንት፣ እስከ መቼ። ሚስቴ ቆማ አነበበች፤
«ይኼን ሁሉ ብቻህን?» ብላ፣ ጠመኔውን ተቀበለች፤
የማላውቀውን ጨመረች፦ ሁለት ቀሚስ፣ በዱቤ፣ ከታይዋን ሰፈር።
ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ ሳቅን። ሙቀት ነበር።

አቶ ላቀውን በማለዳ፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ፣
በገዛ አፌ ነገርኳቸው፤ ጉልበቴ እየከዳኝ።
«ባቡር» አሉ ቆይተው፣ «ስለዘገየ አይደለም ሰው የሚናደደው፤
ጣቢያው ዝም ሲል ነው፤ ምነው መምጫውን ቢነግረው።»

አላለቀም። በጠመኔው ሒሳብ፣ ገና አሥራ አራት ወር አለ።
ስም እንደ ፍሪጅ ጋዝ ነው፤ ባንዴ ሾልኮ፣ ቀስ እያለ
ይሞላል።
ሳይሞላልኝ የምቀርበት ቀንም አለ፤ ያኔም በድልድዩ እሄዳለሁ፤
«ዛሬ የለኝም» እላታለሁ፣ ፊቷን እያየሁ።

ደቻቱ ደርቋል ደግሞ። አሸዋው ነጭ፣ ለስላሳ።
ትናንት አንድ ጎረምሳ አየሁ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቀና ሳይል በዚያ ሲያልፍ።
ከድልድዩ ላይ ሆኜ፣ «አንተ!» ብዬ ጠራሁት።
እንዳልሰማ ሆነ።