አስራት

በካውናስ፣ የኔሙናስ በረዶ መሰንጠቅ ሲጀምር፣
ጡረተኛው ሪምቪዳስ፣ ሊፍት ጠጋኝ የነበር፣
ባዶ የሰርዲን ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።
ዓሣውን ድመቱ በልቷል፤ ዘይቱን እሱ በዳቦ ጠርጓል።

«የሱቁ ሲግናል ማዳከሚያ ሦስት መቶ ዩሮ ነው» አላት፣
«የእኔን ጡረታ እንደሆነ ቀድሞ ያዳከመው አለ።»

አውስቴያ አሥራ ስድስቷ ነው፤ ቀበሮ አዳኝ ናት፤
ቀበሮው ጅራት የሌለው፣ ቁጥቋጦ ስር የተደበቀ፣
የክብሪት ሣጥን የሚያህል፣ እየደጋገመ የሚጮህ አስተላላፊ።
ከሩቅ ሳለች አንቴናዋ መንገዱን አይስትም፤
ስትቀርብ ነው ጉዱ።
መርፌው ከዳር ተለጥፎ አልላቀቅ ይላል፣
ሰሜኑም «እዚህ ነኝ»፣ ደቡቡም «እዚህ ነኝ» ይላል፣
ጫካው በሙሉ ቀበሮ ይሆናል።
አምና ሃያ እርምጃ ሲቀራት፣ ባለችበት ስትዞር
ሰዓቷ አለቀ።

ሬዚስተር ከአሮጌ ሬዲዮ ለቀሙ፤
መቶ ኦም አንድ እግር፣ መቶ ኦም ሁለተኛው፣
ስልሳ ስምንት ከላይ እንደ ወራጅ ተጋድሞ፤
ፊደል ለቆጠረ፣ ቁርጥ «በ» ናት።
ይህች «በ» ከመጣላት ኃይል አስራቱን ብቻ አሳልፋ
ዘጠኙን እጅ ለብ ባለ ሙቀት ትውጠዋለች።
ሦስት «በ» በተርታ፣ ሦስት ማብሪያ ማጥፊያ፤
የአስራት አስራት፣ አስራት።

ሞከሩት። ሦስቱንም ገፋች። ጩኸቱ እንዳለ ነው።
ሪምቪዳስ ሳቀ፦ «በሽቦ የከለከልሽው በአየር ዞሮ ገባ፤
ሐሜት ነው እኮ፣ ስንጥቅ ይበቃዋል።
ሊፍትም በሩ ካልገጠመ አይንቀሳቀስም።»
ከመዳብ ሰሌዳ ቁራጭ ግድግዳ አቆሙ
በየ«በ»ዋ መካከል፤ ጠርዙን በብየዳ አተሙ፣
ክዳኑንም። ጭሱ ዓይኗን አስነባው።
ወጪው፣ ከነማብሪያው፣ ሰባት ዩሮ ከሃምሳ፣
ድመቱ የበላው ሳይታሰብ።

በሚያዝያ፣ ጥዱ እርጥብ ሳለ፣
እንደ አምናው ያለ ጩኸት መሃል ቆመች።
አንዱን ገፋች፤ መርፌው ንቅንቅ አላለም።
ሁለተኛውን፤ ተንቀጠቀጠ።
ሦስተኛውን ስትገፋ ጫካው ዝም አለ፣
ከአንድ ወገን ብቻ፣ ከወደቀ ግንድ ስር፣
የተኛ ሕፃን ትንፋሽ የመሰለ ቀጭን ድምፅ ቀረ።

መድረሻው ላይ ድምፅ ማጉያው ይጮሃል፣ ወላጁ ይጮሃል፣ ውሻው ይጮሃል፤
እሷም ከሁሉ በላይ።
ሽማግሌው ከአግዳሚው አልተነሳም።
የሞተር ክፍል ለዓመታት ወደ በላው ጆሮው እጁን ሰደደ፣
የመስሚያውን መዘውር በአውራ ጣቱ ወደ ታች አሽከረከረ፣
«አሁን» አላት፣ «ንገሪኝ»።